ዋጃ ላይ የማሽላ መውቂያ ለመሥራት ላሰበ ጀማሪ የሚሆን ምክር

ሙያ ተምረሃል። እጅህ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ። ዋጃ ላይ ከአስፋልቱ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራይተህ፣ በሯ ላይ «የብረታ ብረት ሥራ» ብለህ በቀይ ቀለም ጽፈህ፣ ራስህን ከአገሪቱ አምራቾች ተርታ አሰልፈሃል። እንኳን ደስ ያለህ! ከወዲሁ የምልህ፣ ምክሬን ሰምተህ ስትጨርስ ይህን ለማለት የሚመች ጊዜ ላላገኝ ስለምችል ነው።

ምን እንዳሰብክ አውቃለሁ። ከቆቦ እስከ አላማጣ የተዘረጋው የራያ ሜዳ በደህና ዓመት ማሽላ ነው፤ ሰው ገብቶ የማይታይበት ማሽላ። ኅዳር ታኅሣሥ ላይ ይቆረጣል፣ ራሱ ተለቅሞ አውድማ ላይ ይከመራል፣ ከዚያ ወይ በበሬ ይረገጣል ወይ የቤቱ ጎልማሳ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወርድበታል። ብናኙ ከአንገት ሥር ሲገባ እንዴት እንደሚያሳክክ የቀመሰው ያውቀዋል። አንተም አውድማ ላይ ያደግህ ልጅ ነህና «ይህን የሚወቃ ማሽን ብሠራስ?» አልክ። አንድ ከበሮ፣ ከበሮው ላይ የብረት ጥርስ፣ ከሥሩ ወንፊት፣ ከጎኑ ማራገቢያ፤ የውሃ መሳቢያውን ሞተር በቺንጋ ማያያዝ፤ አለቀ። ሐሳቡ ትክክለኛ ነው። እኔን ያስጨነቀኝም ትክክለኛነቱ ነው። የተሳሳተ ቢሆን ኖሮ በጊዜ ትተኸው ጤነኛ ሥራ ትይዝ ነበር።

ጤነኛ ሥራ የምለው ሱቅ ነው። ባለሱቅ ያለቀለት ዕቃ ከደሴ ወይም ከመርካቶ ያስጭናል፣ ይደረድራል፣ ትርፉን ጨምሮ ይሸጣል። መብራት ቢጠፋ ሻማ ያበራል፤ እንዲያውም ሻማ ይሸጣል። ዕቃው ቢበላሽ «እኔ አልሠራሁት» ይላል፤ ከዚህች ቃል የሚበልጥ ካፒታል በንግድ ዓለም የለም። አንተ ግን የሠራኸው ሁሉ በስምህ ይጠራል። ጥርሱ ቢረግፍ፣ ኩሽኔታው ቢያልቅ፣ አውድማው ላይ ያለ ሰው ሁሉ የአባትህን ስም ጨምሮ ያነሳሃል።

አልሰማም ካልክ ወደ ብረቱ እንሂድ።

ላሜራና አንግል የምትገዛው ከነጋዴ ነው፤ እሱ ከደሴው ነጋዴ፣ የደሴው ከመርካቶ፣ የመርካቶው ከባሕር ማዶ። ከአዲስ አበባ እስከ ዋጃ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የጫኙን፣ የአውራጁን፣ የኬላውንና የየመሃሉን ሰው ትርፍ የምትከፍለው አንተ ነህ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ገብቶ መጋዘን የተኛው ላሜራ የትም ሳይሄድ ዋጋው አብሮ ተነሣ። አትናደድ፤ ላሜራም ዜና ይሰማል።

አሁን ወንበርህን ጠጋ አድርገህ አድምጠኝ። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት ለገበሬው አስቦ የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ፈቀደ። ደግ አደረገ፤ ገበሬው ትራክተርም መውቂያም ያሻዋል። ስለዚህ ያለቀለት መውቂያ ከውጭ ሲመጣ እንደ ክቡር እንግዳ ይስተናገዳል። አንተ ያንኑ መውቂያ ለመሥራት ከነጋዴ የምትገዛው ላሜራ፣ ኤሌክትሮድ፣ ኩሽኔታና ቡሎን ግን ቀረጡንና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ተሸክሞ ነው ዋጃ የሚደርሰው። ብረት ተቆርጦና ተበይዶ ከመጣ የገበሬ ወዳጅ ነው፤ ሳይቆረጥ ከመጣ ቀረጥ ከፋይ ነው። «ለአምራች ማበረታቻ የለም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። አለ እንጂ። ባንክ ሄዶ ኤልሲ የሚሉትን የመተማመኛ ሰነድ ከፍቶ በኮንቴይነር ለሚያስመጣ ፋብሪካ አለ። አንተ ላሜራ የምትገዛው በፍሬ ነው፤ ገንዘቡ ሲያጥር ደግሞ ከጎረቤት ጋር ለሁለት ትካፈላለህ። ለግማሽ ላሜራ ኤልሲ አይከፈትም።

ስለዚህ የሚያዋጣህ አንድ መንገድ ይታየኛል። የብየዳ ማሽንህን ጭነህ ጅቡቲ ውረድ፤ መውቂያህን እዚያ በይደህ፣ ቀለም ቀብተህ፣ ያለቀለትን በሕጋዊ መንገድ አስገባ። ሙቀቱ እንደሆነ ለዋጃ ልጅ አዲስ አይደለም።

ጅቡቲ ከራቀህ ደግሞ ከገበያው ጀርባ ወናፍ የሚያስነፋውን ቀጥቃጭ ሄደህ ጠይቅ። ኤልሲ ምን እንደሆነ ሰምቶ አያውቅም፤ እስካሁንም ከሥራው አልተነቀለም። ጥሬ ዕቃው ባሌስትራ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወጣው ከባድ መኪና ጉድጓድ ገብቶ ባሌስትራው ሲሰበር፣ የሾፌሩ ኪሳራ ለራያ ገበሬ ማረሻና ማጭድ ሆኖ ይወለዳል። የመንገዱን ጉድጓድ የሚረግሙ ሰዎች ይህን ወገን አያዩትም። የሰሜኑ ጦርነት መንገዱን በዘጋበት ጊዜ መኪናው ቀረ፤ መኪናው ሲቀር የሚሰበረውም ባሌስትራ ቀረ። ዛሬ ደግሞ ቁራሌው በኪሎ እየገዛ ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ ይልከዋል፤ እዚያ ቀልጦ የሕንፃ ፌሮ ይሆናል። አንድ ወናፍና አንድ ጉጠት የያዘ ሰው ከኤሌክትሪክ ምድጃ ጋር በአንድ ቁራጭ ብረት እየተሻማ ነው። ያንተ ዕጣ ከሱ ይሻላል ብለህ አትኩራራ፤ የከበሮህ ጥርስ ጠንካራ እንዲሆን የምትፈልገው ያንኑ ባሌስትራ ነውና ሦስተኛው ተሻሚ አንተ ነህ።

መብራትን በሚመለከት ብዙ አልልም። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነቱ በዚህ ቆላ ሲመላለስ መብራቱም ስልኩም ለወራት መጥፋቱን አንተው ኖረኸዋል። አሁን ሲኖርም ኃይሉ የሁላችን ስለሆነ፣ ወፍጮ ቤቱ ሲነሣ ያንተ ብየዳ ይሞታል። ስለዚህ ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋር ተዛመድ፤ ቢቻል ልጁን አግባ፤ ካልሆነም ሰው ሁሉ አስፈጭቶ ከገባ በኋላ ሌሊት በይድ። ጄኔሬተር እገዛለሁ ካልክ ነዳጁን በጀሪካን ለመቅዳት የድጋፍ ደብዳቤ ታስጽፋለህ። ደብዳቤው የሚታተመው በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በመብራት ነው።

ደብዳቤን ካነሣን ስለ ወረቀት እንነጋገር። ከመውቂያው ይልቅ ለወረቀቱ ብዙ ጊዜ መድብ፤ ይህ ቀልድ አይደለም። መደራጀት ይኖርብሃል። ስትደራጅ ከአባላቱ መካከል ቢያንስ አንዱ ብረት የማይወድ፣ ጽሕፈቱ የሚያምርና ቢሮ ተቀምጦ መጠበቅ የማይሰለቸው ሰው ይሁን፤ ያለ እሱ አምስት ባለሙያ ዋጋ የለውም። በ2003 ዓ.ም. በወጣው ስልት መሠረት በኢንዱስትሪ ዘርፍ እስከ 5 ሰው የያዘና ካፒታሉ ከ100,000 ብር ያልበለጠ «ጥቃቅን» ይባል ነበር፤ ከ6 እስከ 30 ሰው የያዘና እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር ያለው «አነስተኛ»። በዚያ መስፈሪያ ብትለካ ደስ የሚል ነገር ታያለህ። አንድ የብየዳ ማሽን፣ አንድ ግራይንደር፣ አንድ ትራፓኖና ጥግ ላይ የቆመ ጥቂት ብረት ይዘህ፣ የዕቃው ዋጋ በራሱ ጊዜ እየናረ ያሳድግሃል። ምንም ሳትሠራ ከጥቃቅን ወደ አነስተኛ ትሸጋገራለህ። አንዳንድ ሪፖርት ላይ «ተሸጋገሩ» የሚባሉትን ስታይ ይህ መንገድም እንዳለ አስብ።

የፈቃድህንም ኮፒ በብዛት ያዝ። ይህ አካባቢ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንድ በላይ የአስተዳደር ማኅተም አይቷል። የትኛው ማኅተም የቱን እንደሚያውቅ ለመከራከር አትሞክር፤ ሁሉንም በአንድ ፋይል አስረህ፣ የጠየቀህን ሰው ፊት አይተህ አውጣ።

ብድርም አለ። አብቁተ ይባል የነበረው ተቋም ፀደይ ባንክ ከሆነ ወዲህ ሕንፃው አምሯል። ቤት ወይም ቦታ ለዋስትና ካለህ ጥሩ፤ ከሌለህ በቡድን ትዋዋሳላችሁ፤ ማለት አንዱ ጓደኛህ ወደ ዓረብ አገር የሄደ ዕለት ዕዳውን አደራ ብሎህ ይሄዳል። ማሽን በሊዝ ከፈለግህ ዋልያ የሚባለው የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ አለ፤ ከማሽኑ ዋጋ 20 በመቶውን ቆጥበህ ትቀርባለህ፣ 80ውን እሱ ይሸፍናል፣ ከፍለህ እስክትጨርስ ማሽኑ የሱ ነው። ይህን ዝግጅት በእውነት አልነቅፈውም፤ ማሽን ያገኙበት አሉ። የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ ማሽን ለመግዛት ብድር ይገኛል፣ ለማሽኑ የምታጎርሰውን ብረት ለመግዛት ግን የሚያበድርህ ስታጣ ማሽኑ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ ፕላስቲኩን አንሣ።

እንግዳ መምጣቱ አይቀርም። በ2014 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ታምርት» የሚለው ንቅናቄ ከተጀመረ ወዲህ አምራችን መጎብኘት ወግ ሆኗል። ለዚያ ቀን የሚሆን ንጹሕ ቱታና ቢጫ የራስ ቆብ አስቀምጥ። መውቂያው ባይነሣም ግድ የለም፤ ፎቶ ድምፅ የለውም። ጎብኚው «ዋናው ችግራችሁ ምንድነው?» ሲልህ «የገበያ ትስስር» በል። ይህ መልስ ማንንም አያስቀይምም፣ ማንንም ምንም እንዲያደርግ አያስገድድም። ስለ ላሜራው ቀረጥ ካነሣህ ጉብኝቱ ይረዝማል፣ ምሳውም ይቀዘቅዛል።

የገበያ ትስስሩ በጨረታ የመጣልህ እንደሆነ ደግሞ የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ፣ የግብር ክሊራንስና «ተመሳሳይ ሥራ ስለመሥራትዎ ማስረጃ» ታቀርባለህ። የመጀመሪያ መውቂያህን ለመሸጥ ቀደም ብለህ መውቂያ መሸጥ አለብህ። ይህን የሚፈታ ሰው ካገኘህ ለእኔም ላከው። ካታሎግም ይጠይቁሃል። ከውጭ የመጣው መውቂያ የሚያብለጨልጭ ወረቀት አለው፤ ያንተ ግን ራሱ ማሽኑ በሩ ላይ ቆሟል፤ ማሽን ደግሞ ከሰነድ ጋር አይታሰርም።

አሁን የቀረው ደንበኛው ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው፣ ዘመድህ ስለሆነ። ሽማግሌው መጥተው መውቂያውን ይዞሩታል፣ በምርኩዛቸው መታ መታ ያደርጉታል፣ ከዚያ «ልጄ፣ ይሄ የየት አገር ነው?» ይሉሃል። «የዋጃ ነው አባቴ፣ እኔው ነኝ የሠራሁት» እንዳትል። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የምታየው ርኅራኄ ነው እንጂ ንቀት አይደለም፤ ርኅራኄ ደግሞ ዋጋ ያስቀንሳል። ማሽኑን አረንጓዴ ቀባው፤ ማንም የማያነበው ፊደል ያለበት ስቲከር ለጥፍበትና ዝም በል። ታሪክም ከጎንህ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ትልቁን መድፍ ሲያሠሩ፣ አዋቂዎቹ አውሮፓውያን ቢሆኑም ጉልበቱም እሳቱም የአገር ነበር። ስሙ ግን «ሴባስቶፖል» ተባለ፤ ክሪሚያ ውስጥ ባለ ከተማ ስም። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ያን ብረት በ1860 ዓ.ም. በስንት መከራ ጎትተው እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ አምባ ላይ ያወጡት ሰዎች «ጋፋት» ብለው ቢጠሩት ኖሮ ሽቅብ መጎተቱ ሳይከብዳቸው አይቀርም ነበር።

ክብርን በተመለከተ መሻሻል አለ። ድሮ ብረት የሚቀጠቅጠው ቡዳ ይባል ነበር፤ ሸማኔውም፣ ፋቂውም፣ ሸክላ ሠሪዋም የየድርሻቸው ስድብ ነበራቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታልና ዛሬ ማንም ቡዳ አይልህም። «ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ብየዳ ይሠራል» ይሉሃል። እናትህም ይህን ይላሉ። ሠርግ ላይ ስትጋበዝ ጥፍርህን በደንብ ፍቀህ ሂድ።

ለማጽናናት ያህል ጎረቤቶችህን ተመልከት። ሸማኔው ድሩን ሲዘረጋ ሰንብቶ፣ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ከርሞ የሠራውን ጥበብ፣ በፋብሪካ የታተመው የቻይና «ጥበብ» በእጥፍ ርካሽ ዋጋ አጠገቡ ተሰቅሎ ያየዋል፤ ለዚያውም የራሱን ጥለት ቀድቶ። የሸክላ ሠሪዋን እንስራ ጀሪካን ወሰደባት። ምጣዷን ግን ማንም አልነጠቃትም፤ ከተሜው የሚኮራበት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ ከሥሩ ሽቦ ይኑረው እንጂ ፊቱ ያው ሸክላ ነው። እሷን ልብ በላት። በኋላ ትጠቅምሃለች።

ዱቤ ስጥ ወይስ አትስጥ? ገበሬው «በአዝመራ እከፍላለሁ» ሲልህ እውነቱን ነው፤ ችግሩ አዝመራው የሱ ቃል አለመሆኑ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማሽላው አፍርቶ ቆሞ ሳለ አንበጣው በራያ ሜዳ ላይ ምን እንዳደረገ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ እንደተነሣ አትርሳ። ያን ዓመት በዱቤ የሸጠ የትኛውን ጉልበት ይዞ ይጠይቃል? አባቱን የሚያውቀውን ሰው፣ አገዳ ብቻ የቆመበት ማሳ ዳር? ስለዚህ ዱቤ አትስጥ። ቅድመ ክፍያም አትጠይቅ፤ ማን ይሰጥሃል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ቦታ ፈልገህ እዚያ ሽጥ።

«ሌላው አገር እንዴት ሆነለት?» ካልከኝ፣ ህንዶች ፑንጃብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስንዴው ድንገት ሲበዛላቸው መውቂያውን በብዛት የሠሩላቸው እንደ ሉዲያናና ባታላ ባሉ ከተሞች የነበሩ ትንንሽ ብረት ቤቶች ናቸው። አብዛኞቹ ከቀጥቃጭና ከአናጢ ቤተሰብ የወጡ፣ አንዱ የሌላውን እያየ የሚቀዳ፣ ገበሬው «ይሄ ጥርስ ያጥራል» ሲላቸው በነጋታው የሚያስረዝሙ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች እጅ ይቆርጡ ነበር፤ ቀስ እያሉ አስተካከሉት። ይህን የምነግርህ ለወሬ ያህል ነው። ቀጥቃጭ ዋጃም አለ፣ አናጢም አለ፣ «ያጥራል» የሚል ገበሬ ደግሞ ሞልቷል። ግን አንተ ላይ አዲስ ተስፋ የምጭንብህ ሰው አይደለሁም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም እንቢ ብለህ ብረት ካልለቀቅህ፣ የመጨረሻው ምክሬ ይኸው። አትሥራ፤ ጠግን።

ያ ከቀረጥ ነፃ የገባው መውቂያ ዋጃ ሲደርስ ማሽላው እንደ ካታሎጉ ማሽላ አይሆንለትም። የዚህ አገር ማሽላ አገዳው ወፍራም፣ ራሱ ትልቅ፣ አውድማው ጠጠር ያለበት ነው። በመጀመሪያው አዝመራ ጥርሱ ይጎብጣል። መለዋወጫው አዲስ አበባ «በቅርቡ ይገባል» ይባላል። ያን ጊዜ ባለማሽኑ፣ ባለፈው ዓመት በርኅራኄ ያየህ ሰውዬ፣ ማሽኑን በጋሪ አስጭኖ በርህ ላይ ይመጣል። ጥርሱን ከባሌስትራ ሠርተህ ቀይርለት። በጥሩ ዋጋ፤ እዚህ ላይ አይከራከርም፣ ማሽላው ዝናብ ሳያገኘው መግባት አለበትና። በሁለተኛው ዓመት ወንፊቱ ይቀደዳል፤ የኛን ማሽላ መጠን ቀዳዳ አድርገህ አዲስ ሥራለት። በሦስተኛው ዓመት የማራገቢያው ዘንግ ይታጠፋል፤ ወፈር አድርገህ ተካው። ከዚያ ከበሮው። ከዚያ ሻሲው፣ መንገዱ ስለሚሰባብረው። አራት አምስት አዝመራ ካለፈ በኋላ ያ ማሽን ከሞተሩና ከስቲከሩ በቀር ሁለንተናው ያንተ ይሆናል፣ እንደ ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ፤ በደንብም ይወቃል። ጎረቤቶቹም አይተው «እንደዚህ ያለ የውጭ ማሽን ከየት ይገኛል?» እያሉ ይጠይቁሃል።

ስቲከሩን እንዳትነካው። ሲላቀቅ በማስቲሽ መልሰህ ለጥፈው። ደረሰኙ ላይም ሁልጊዜ «ጥገና» ብለህ ጻፍ፤ «ምርት» ካልክ ፈቃዱ ሌላ ነው።